መካሪና ዋስ

«መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ምክር ለተመካሪው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ሲነግረን፥ መካሪው ራሱ ምን ዕዳ እንዳለበት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ንጉሡ ተመክሮ ቢወድቅ የመከረው ሰው የት ይቆማል? ምክር ሰጥቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው፥ ምክሩ በሌላው ሕይወት ላይ ለሚያደርሰው ነገር ተጠያቂ ነውን? ወይስ «እኔ ተናገርሁ፥ እሱ መረጠ» ብሎ እጁን መታጠብ ይችላል?

ይህን የምጠይቀው ለክርክር ያህል አይደለም። የትምህርት ሥነ ልቡና ተምሬ፥ በትምህርት ቤት ስለሚሰጠው የምክር አገልግሎት ስመረምርና ራሴም ስመክር ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። እንጀራዬን የምበላው ከዚህ ሥራ ነው። በዚህም ሥራ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተሳስቻለሁ። ሁለቱ ስሕተቶች ተቃራኒዎች ነበሩ፤ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን የተረዳሁት ግን ቆይቼ ነው። ታሪኩን የምጽፈው ከእኔ በኋላ በዚህ ወንበር ለሚቀመጡት ወጣቶች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ነው።

ያደግሁባት የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በውኃው አጠገብ ትገኛለች። ጥንት ደሴት በነበረው፥ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር በተያያዘው ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል፤ የገዳሙም አለቃ «ዓቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ከነገሥታቱ መካሪዎች መካከል ከፍ ያለ ቦታ ይዞ የኖረበት ዘመን ነበረ። ስለዚህ የሐይቅ ልጅ ምክር የተባለውን ነገር ትልቅነት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይሰማል። ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲወጡ ደግሞ የአምባሰል አገር ይጀምራል። ሌላው ሰው አምባሰል ሲባል ቅኝቱ ትዝ ይለዋል፤ ለእኔ ግን ትዝ የምትለኝ ውጫሌ ናት፤ ምክንያቱን አሁን እናገራለሁ።

የኛ ሥራ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ በቦስተን ከተማ ሥራ ለሚመርጡ ወጣቶች የምክር ቢሮ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ወጣቱ አስቀድሞ ራሱን ይወቅ፥ ቀጥሎ የሥራውን ዓለም ይወቅ፥ ከዚያም ሁለቱን በቀና አስተሳሰብ ያገናኝ የሚል ነው። ፓርሰንስ በዚያው ዓመት ሞተ፤ መጽሐፉም በ1909 ከሞቱ በኋላ ታተመ። እኔም በወጣትነቴ ይህን ትምህርት ተምሬ ስወጣ፥ የሰው ሕይወት እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ነው፤ የሚገጥመውን ፈልጎ መስጠት ብቻ ይበቃል ብዬ አምን ነበር።

በ1995 ዓ.ም. በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳገለግል፥ አንድ የውጫሌ ገበሬ ልጅ ወደ ክፍሌ መጣ። የ10ኛ ክፍልን ፈተና በመልካም ውጤት አልፎ ወደ መሰናዶ ትምህርት ሊገባ ነበርና፥ የተፈጥሮ ሳይንስን ይምረጥ ወይስ የኅብረተሰብ ሳይንስን፥ ይህን ሊጠይቀኝ ነው። ታሪክ ይወድ ነበር፤ ስለ ታሪክ ሲናገር ዓይናፋርነቱ ይጠፋል። እኔ ግን የሒሳብ ውጤቱን ተመለከትሁና፥ «በዚህ ውጤት ተፈጥሮ ሳይንስ መግባት ትችላለህ፤ መሐንዲስም መሆን ትችላለህ» አልሁት። አመስግኖኝ ወጣ። ንግግራችን ከሩብ ሰዓት አይበልጥም ነበር። በመዝገቤ ላይ «ተመክሯል» ብዬ ጻፍሁ።

ከ4 ዓመት በኋላ በሐይቁ ዳር ስሄድ፥ ታንኳ ወደ ዳር ስቦ ዓሣ ሲያወርድ አገኘሁት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሁለተኛው ዓመት ውጤቱ ስለ ወደቀ ተሰናብቷል። ወደ አባቱ ቤት መመለስ ስላፈረ፥ በመኪና ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ መንገድ ላይ ሐይቅ ቀርቶ፥ ዓሣ ከሚያጠምዱ ሰዎች ጋር ገብቷል።

«ለምን ታሪክ አልመረጥህም ኖሯል?» አልሁት።

«እርስዎ አዝዘውኝ ነዋ» አለኝ፥ ቂም በሌለው ድምፅ።

«እኔ እኮ ‹ትችላለህ› አልሁ እንጂ ‹ግባ› አላልሁህም።»

ጥቂት ዝም አለና ሣቀ። «መምህር፥ አባቴ ‹ምን አሉህ?› ሲለኝ ያሉኝን ነገርሁት። ‹መምህሩ ካሉማ አለቀ› አለ። እኔ የውጫሌ ልጅ ነኝ። ‹ይቻላል› የተባለው ነገር ሌላው ዘንድ ሲደርስ ‹ግዴታ› ከሆነ ምን እንደሚመጣ በእኛ አገር ይታወቃል።»

ልጁ ታሪክ ዐዋቂ መሆኑን ያን ጊዜ አስመሰከረ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ሲነበብ፥ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር። በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጽፏል። ከዚህ የተነሣው ጠብ እያደገ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈጸመ።

እርግጥ ነው፥ የእኔ ነገር ከዚያ ታላቅ ጉዳይ ጋር አይወዳደርም። በእኔና በልጁ መካከል ተንኮል አልነበረም፤ ቋንቋችንም አንድ ነበር። ነገር ግን ቋንቋ አንድ ሲሆን እንኳ የተናጋሪውና የሰሚው ቦታ አንድ ካልሆነ ቃሉ ይለወጣል። በወንበር የተቀመጠ መምህር «ትችላለህ» ሲል፥ ቆሞ የሚሰማው የገበሬ ልጅ «ይገባሃል» ብሎ ይተረጕመዋል፤ በቤት የሚጠብቀው አባት ዘንድ ሲደርስ ደግሞ «ታዝዘሃል» ይሆናል። ሐኪምም፥ ቄስም፥ ሼኽም፥ ዳኛም ይህን ማወቅ አለባቸው። ቃላችን ከአፋችን ሲወጣ የነበረው ክብደትና ተመካሪው ዘንድ ሲደርስ የሚኖረው ክብደት እኩል አይደለም። «እኔ አላስገደድሁም» ማለት ስለዚህ በቂ መልስ አይሆንም።

ይህ ነገር ብዙ አሳዘነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አዲስ አበባ ስገባ ልቤ የተዘጋጀው ከዚህ ስሕተት የሚያድነኝን አስተማሪ ለመቀበል ነበር፤ አገኘሁትም። ካርል ሮጀርስ የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍና ከዚያም በኋላ በጻፋቸው፥ መካሪ መፍትሔ አዳይ መሆን የለበትም ብሎ አስተማረ። ሰው የራሱን መንገድ የማግኘት ኃይል በውስጡ አለው፤ የመካሪው ሥራ በአክብሮት፥ ያለ ፍርድ፥ በእውነተኛ ልብ መስማት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ከእንግዲህ አላዝዝም፤ እሰማለሁ እንጂ፥ ብዬ ለራሴ ማልሁ።

በ2003 ዓ.ም. በሌላ ትምህርት ቤት ለምርምሬ የሚሆን መጠይቅ እየበተንሁ፥ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተማሪዎችን እሰማ ነበር። አንድ ቀን የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ መጣች። አባቷ ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ወደ ዓረብ አገር ሊልካት ነው። እርሷ መማር ትፈልጋለች። በደቡብ ወሎ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ልጅ ያልተሰደደበት መንደር ጥቂት ነው። እኔም እንደ ተማርሁት፥ «ይህን ነገር ስታስቢው ምን ይሰማሻል?» አልኋት። ተናገረች፤ አለቀሰች፤ ሰማኋት። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ደግማ ተናገረች። በሦስተኛው ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለችኝ፤

«መምህር፥ የሚሰማኝንስ ዐውቀዋለሁ። እኔ የመጣሁት ለአባቴ የሚነግርልኝ ሰው ፈልጌ ነው።»

ምን መለስሁላት? ውሳኔው የእርሷና የቤተሰቧ መሆኑን፥ እኔ ግን በማንኛውም ጊዜ ልሰማት ዝግጁ መሆኔን ነገርኋት። ቃሉ የተማርሁት ቃል ነበር፤ ድምፄም ለስላሳ ነበር። ወጣች። ከጥቂት ወር በኋላ ስሟ ሲጠራ «የለችም» ተባለ።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ኢትዮጵያውያን በብዛት ባስወጣች ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። እርሷም ከእነርሱ ጋር ተመለሰች። ዛሬ በመንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት አላት፤ ለወላጆቿም ቆርቆሮ ቤት ሠርታላቸዋለች። ሳልፍ ትጠራኛለች፤ የሻዩን ሒሳብ ልክፈል ስል እምቢ ትላለች። አንድ ቀን «ያኔ በደንብ የሰማኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ» አለችኝ። ያ ምስጋና ከስድብ ይልቅ ቆጠቆጠኝ። በእርግጥም በደንብ ሰምቻታለሁ፤ ሰምቼ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ልጅቱ ቤት ሠርታለች፤ ሥራ አላት፤ «ደኅና ነኝ» ትላለች። እንግዲህ ነገሩ በመልካም ስላለቀ የእኔ ዝምታ ትክክል ነበር ይባላልን? እኔ እንዲህ አላምንም። ብትቀር ኖሮ ምን ትሆን እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል። እኔን የሚመለከተው ግን ያን ቀን ምን እንደ ጠየቀችኝና ምን እንደ ነፈግኋት ነው። የመካሪ ጥፋት በተመካሪው ዕድል አይለካም፤ ዕድሏ ስላማረ ዕዳዬ አይሰረዝልኝም። በዚሁ አንጻር የዓሣ አጥማጁ ልጅ ተሳክቶለት መሐንዲስ ቢሆን ኖሮ እንኳ፥ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ንግግር የሰውን ሕይወት መምራቴ ያው ስሕተት በሆነ ነበር።

ከዚህ በኋላ የራሴን መጠይቅ አውጥቼ አነበብሁት። «በተሰጠህ ምክር ረክተሃል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። «መካሪህ በትዕግሥት አዳመጠህ?» የሚልም ነበረበት። ያቺ ልጅ ብትሞላው ኖሮ ሁለቱንም «አዎን» ትል ነበር፤ እኔም በቍጥር አስገብቼ መልካም ውጤት ብዬ ባሳተምሁት ነበር። «ከምክሩ በኋላ ማን አብሮህ ሄደ?» የሚል ጥያቄ ግን አልነበረበትም። ለዓመታት የምክርን ነገር ስመረምር የመረመርሁት በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ብቻ ነው። የሰው ሕይወት ደግሞ የሚፈተነው ከደጃፉ ውጭ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ስሕተቶች አንድ ሥር አላቸው ያልሁት ይህን ነው። በመጀመሪያው ተናገርሁ፥ በሁለተኛው ዝም አልሁ፤ በሁለቱም ግን አልተነሣሁም። አዝዤም ሆነ አድምጬ፥ የነገሩ ክብደት በሙሉ በልጆቹ ትከሻ ላይ ቀረ። የጎደለው ነገር በአገራችን ቋንቋ ስም አለው፤ ዋስ ይባላል።

ዋስ ምን ዓይነት ሰው ነው? ዋስ ገንዘቡን አይበደርም፤ ገንዘቡ በምን ላይ እንዲውልም አያዝዝም። ነገሩ የተበዳሪው ነው። ነገር ግን «ይህ ሰው ቃሉን እንዲፈጽም እኔ ከእርሱ ጋር እቆማለሁ፤ ቢጎድልም ከእኔ ይጠየቅ» ይላል። መካሪም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል እላለሁ። ምርጫው የተመካሪው ይሁን፤ በምርጫው መንገድ ላይ ግን ብቻውን አይቁም። ልጅቱ «ለአባቴ ንገርልኝ» ስትል የጠየቀችኝ ሐሳቤን አልነበረም፤ እርሷ ላሰበችው ዋስ እንድሆናት ነበር።

ይህ ሐሳብ አዲስ ነው አልልም። በወሎ የአባጋር ሥርዓት አለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ጠበኞችን ያስታርቃሉ። ሽማግሌው ምክሩን ተናግሮ አይሄድም፤ ባለጋራዎቹ ዘንድ ይመላለሳል፥ ያስምላል፥ የታረቁት ሰዎች እንዳይፋረሱ ይከታተላል። ቅሬም አለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜና ከዚያም በኋላ፥ ያዘኑ ልጆችን እንዴት ማናገር እንደሚገባ ለመምህራን አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ለቅሶ ቤት ገብቼ የቅሬውን ሰዎች ተመለከትሁ። ጥቂት ይናገራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ነገር ግን መቃብሩን የቆፈሩ እነርሱ ናቸው፤ ምግቡን ያመጡ እነርሱ ናቸው፤ ለቅሶው ሲያበቃም የሟቹን እርሻ ማን እንደሚያርስ ተነጋግረው ተነሡ። ሮጀርስ ያስተማረውን መስማት በሚገባ ያውቁታል፤ ከሰሙ በኋላ መነሣትንም ያውቃሉ።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው፥ መካሪ እንዲህ በሰው ኑሮ ከገባ እንደገና ወደ ማዘዝ ይመለሳል የሚል ነው። ፍርሃቱ ትክክለኛ ነው። ስለዚህ ድንበሩን እንጠብቅ፤ ዋስ የሚሆነው ተመካሪው ለመረጠው እንጂ ራሱ ላሰበው አይደለም። መካሪው ተመካሪው ያልመረጠውን ነገር ይዞ ወደ አባት ቤት ከሄደ፥ ያ ዋስነት መሆኑ ቀርቶ የውጫሌው አንቀጽ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስለ ምስጢር ነው። ወደ ሰው ቤት መሄድ የተነገረንን መግለጥ አይሆንብንምን? ይሆናል፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ። የንስሐ አባት የሰማውን እንደሚጠብቅ መካሪም ይጠብቅ፤ በተፈቀደለት ቃልና በተፈቀደለት መጠን ብቻ ይናገር። ያቺ ልጅ ግን ፈቅዳልኝ ነበር። እንዲያውም ለምናኝ ነበር። ምስጢሯን እጠብቃለሁ ብዬ የጠበቅሁት የራሴን ዕረፍት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። አንድ መካሪ ለብዙ መቶ ተማሪዎች በተመደበበት ትምህርት ቤት፥ ለሁሉ ዋስ መሆን እንዴት ይቻላል? አይቻልም። ማድረግ የሚቻለው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ የማይችለውን «አልችልም» ብሎ በግልጥ መናገር ነው፤ «በማንኛውም ጊዜ እሰማሻለሁ» በሚል መልካም ቃል መሸፈን ግን ማታለል ነው። ሁለተኛው፥ ከራሱ ወደሚበልጥ ሰው እጅ ይዞ ማድረስ ነው። የጥንቱ ትውፊት እንደሚናገረው፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ብዙ ዓመት ከተማሩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ ደብረ ዳሞ ደግሞ ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው ከአባ ዮሐኒ የተማሩበት ገዳም ነው። ታላቁ መምህር ደቀ መዝሙራቸውን ከእኔ ሌላ አስተማሪ የለህም ብለው አላስቀሩም። እኔም ያቺን ልጅ ይዤ አባቷ ወደሚሰሟቸው ሼኽ ዘንድ መሄድ እችል ነበር። ግማሽ ቀን ብቻ ይወስድብኝ ነበር።

አሁን የመጨረሻውን ልናገርና ልፈጽም። የልጅቱ ነገር ካነቃኝ በኋላ፥ በ2007 ዓ.ም. ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ያን የውጫሌ ልጅ ፈለግሁት። አባቱን ካየ 9 ዓመት ሆኖት ነበር። «መሄድ ትፈልጋለህ?» አልሁት። «እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ብዬ እገባለሁ?» አለኝ። «አንተ ምንም አትበል፤ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ፈቃድህ ከሆነ» አልሁት። ጥቂት ቀን አሰበበትና ፈቀደ።

አብረን ወደ ውጫሌ ወጣን። ሽማግሌው በደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እግራቸው ላይ ወደቀ፤ እኔም ቆሜ፥ የመረጠው ልጁ ሳይሆን እኔ እንደ ነበርሁ፥ የመረጥሁትም በቅጡ ሳልጠይቀው መሆኑን፥ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። አረጋዊው ልጃቸውን አነሡት። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፥

«መምህር፥ ሐይቅ መሆኑንስ ዐውቅ ነበር። የሚያመጣልኝ ሰው አጥቼ ነው» አሉኝ።

9 ዓመት ሙሉ አባት ልጁ የት እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ልጅም የአባቱን ቤት መንገድ ያውቅ ነበር። ሁለቱም ምክር አላጡም። ያጡት በመካከላቸው የሚሄድ አንድ ሰው ነበር፤ ያም ሰው እኔ መሆን ሲገባኝ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ምክር አሰጣጥ ስጽፍ ነበር።

ስለዚህ ወጣቱ ባልደረባዬ ሆይ፥ በዚያች ጠባብ ክፍል ስትቀመጥ አስቀድመህ በትዕግሥት ስማ፤ «ትችላለህ» የምትለው ቃል ሌላው ዘንድ ምን ሆኖ እንደሚደርስ አስብ፤ ምርጫውንም ለባለቤቱ ተው። ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ ግን መዝገብህ ላይ «ተመክሯል» ብለህ ከመጻፍህ በፊት፥ ይህ ልጅ ከዚህ ሲወጣ አብሮት የሚሄደው ማን ነው ብለህ ራስህን ጠይቅ። ማንም ከሌለው ከወንበርህ ተነሥ።